ጦርነት ሳለ መጫወት ይገባልን?

ወንድም በጦር ሜዳ ሲሞት ወንድም በአደባባይ ኳስ ሊጫወት ይገባዋልን? ይህ ጥያቄ በብዙ አገርና በብዙ ዘመን ተጠይቋል። ልቅሶ ካለበት ቤት አጠገብ ከበሮ የሚመታ ሰው ነውረኛ እንደሚባል ሁሉ፥ አገር በጦርነት እሳት ውስጥ ሳለች ለጨዋታ የሚሰበሰብ ሕዝብም ልበ ደንዳና ነው የሚሉ አሉ። ሌሎች ደግሞ የደከመ ሕዝብ ጥቂት ካላረፈ ሥራውንም ጦርነቱንም ሊገፋበት አይችልም ብለው ይመልሳሉ። ሁለቱም ወገኖች ከእውነት የራቁ አይደሉም። ዳሩ ግን ሁለቱም አንድ ነገር ሳይመረምሩ ያልፋሉ፤ ይኸውም ጨዋታው ራሱ በውስጡ ምን ይጠብቃል የሚለው ነው። ይህን ለመመርመር በአሜሪካ የሆነውን አንድ ነገር እንመልከት።

በቺካጎ ከተማ ከ1939 እስከ 1948 ዓ.ም. ድረስ (ዘመኑን ሁሉ የምንጽፈው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው) በየዓመቱ የቅርጫት ኳስ ውድድር ይደረግ ነበር። ተወዳዳሪዎቹ ኳስ መጫወትን መተዳደሪያቸው ያደረጉ ሰዎች ነበሩ። አዘጋጁ በዚያው ከተማ ይታተም የነበረ ጋዜጣ ሲሆን፥ ውድድሩን «የዓለም ሻምፒዮና» ብሎ ሰይሞት ነበር። የሚጋበዙት ቡድኖች የአሜሪካ ቡድኖች ስለ ነበሩ ስሙ ከግብሩ ይልቅ የሰፋ ነበር። ነገር ግን ስሙ የተጋነነ ቢሆንም በሩ ሰፊ ነበር፤ የነጮችም የጥቁሮችም ቡድኖች በአንድ ሜዳ እንዲገናኙ ፈቅዷልና። በመጀመሪያው ዓመት ዋንጫውን የወሰደው ከኒው ዮርክ የመጣው የጥቁሮች ቡድን ሬኔሳንስ ነው። በሁለተኛው ዓመት ደግሞ ሌላው የጥቁሮች ቡድን ሃርለም ግሎብትሮተርስ አሸነፈ።

በ1943 ዓ.ም. አሜሪካ ወደ ጦርነቱ ከገባች ሁለተኛ ዓመቷን ይዛ ነበር። ከተጫዋቾቹ ብዙዎቹ ዘምተዋል፤ የቀሩትም በጦር መሣሪያ ፋብሪካ ተሰማርተዋል። በዚያ ዓመት ዋሺንግተን ቤርስ የተባለ የጥቁሮች ቡድን ወደ ቺካጎ መጣ። ከአባሎቹ ብዙዎቹ ቀደም ሲል በሬኔሳንስ የተጫወቱ ነበሩ፤ አንዳንዶቹም በሥራ ቀን የጦር አይሮፕላን በሚሠራ ፋብሪካ ውለው፥ የሚጫወቱት በዕረፍት ቀናቸው ነበር። በመጨረሻው ግጥሚያ የኦሽኮሽን ከተማ የነጮች ቡድን 43 ለ31 አሸንፈው ሻምፒዮን ተባሉ።

እንግዲህ በዚያ ሰዓት ከሜዳው ውጭ የነበረውን ነገር እናስተውል። አሜሪካ የምትዋጋው ሰውን በዘሩ ከሚከፋፍል ጠላት ጋር ነበር። ሆኖም በገዛ ሠራዊቷ ውስጥ ጥቁሩና ነጩ ወታደር በየክፍሉ ተለይቶ ይሰለፍ ነበር፤ ይህ እንዲቀር ፕሬዚዳንት ትሩማን ያዘዙት በ1948 ዓ.ም. ነው። ለቁስለኞች የሚሰበሰበው ደም እንኳ፥ የጥቁሩ ከነጩ ተለይቶ ይቀመጥ ነበር። በደሙ መካከል ልዩነት አለመኖሩን የሕክምና ሊቃውንት እያወቁ፥ የአገሪቱ ቀይ መስቀል ይህን ልማድ የተወው በ1950 ዓ.ም. ነው። በሜዳው ላይ ግን የሁለቱ ላብ በአንድ ወለል ላይ ይንጠባጠብ ነበር። ቅርጫቱም ከወለሉ 10 ጫማ ከፍ ብሎ የተሰቀለ ነውና፥ ለአንዱ ዝቅ ለሌላው ከፍ አይልም፤ የገባችውን ኳስ ከማን እጅ መጣሽ ብሎ አይጠይቃትም።

ስለዚህ ለመጀመሪያው ጥያቄ መልሱ ይህ ይመስለኛል። ጨዋታው ሐዘንን ለመርሳት ብቻ የተደረገ ቢሆን ኖሮ ነቃፊዎቹ እውነት ባላቸው ነበር። ነገር ግን ወታደሩ ስለ እርሱ ትሞታለህ የተባለለት ነገር፥ ማለት ሰው ሁሉ በአንድ ሚዛን መመዘኑ፥ በዚያ ምሽት በሠራዊቱ ሰልፍ ላይ ሳይሆን በኳሱ ሜዳ ላይ ይታይ ነበር። ይህን የሚጠብቅ ጨዋታ ሟቹን አያቃልልም፤ ይልቁንም የሞተበትን ነገር ለጥቂት ሰዓት በዓይን ያሳያል።

«ለጥቂት ሰዓት ታይቶ ቢጠፋ ምን ጥቅም አለው?» የሚል ተቃዋሚ ይነሣ ይሆናል። ተቃውሞው የሚናቅ አይደለም። በአገራችንም በገና ጨዋታ ዕለት ሎሌ የጌታውን እግር በዱላው ቢመታ ጌታው እንዳይቆጣ ልማዱ ያዝ ነበር፤ በማግሥቱ ግን ሎሌው እንደ ወትሮው የበቅሎውን ልጓም ይይዛል። በአሜሪካም የሆነው ይህን የመሰለ ነው። በ1946 ዓ.ም. ዛሬ ኤን ቢ ኤ ተብሎ የሚታወቀው ማኅበር በሌላ ስም ሲቋቋም ጥቁሮችን አላስገባም፤ በሩ የተከፈተው በ1950 ዓ.ም. ነው። ያ የመጀመሪያው ሻምፒዮን ሬኔሳንስም በ1949 ዓ.ም. ፈረሰ። በ1963 ዓ.ም. ስሙ በቅርጫት ኳስ የክብር መዝገብ ሲገባ ቡድኑ ከፈረሰ 14 ዓመት አልፎት ነበር። ምስጋናው መጣ፤ ነገር ግን ጉልበቱ ካለፈ በኋላ ነው።

ይሁን እንጂ ጥፋቱ የጨዋታው ነውን? ጨዋታው የሚችለውን ሁሉ አድርጓል፤ ማን እንደሚበልጥ በአደባባይ አሳይቷል። በ1939፥ በ1940ና በ1943 ዓ.ም. በወንበሩ ላይ የተቀመጠው ሕዝብ አይቷል፥ አጨብጭቧልም። ጭብጨባ ደግሞ ምስክርነት ነው። ባላየው ነገር የተሳሳተ ሰው አላወቅሁም ብሎ ሊያመካኝ ይችላል፤ በዓይኑ አይቶ በእጁ አጨብጭቦ፥ ከበሩ ሲወጣ የመሰከረውን የካደ ሰው ግን ምን ምክንያት ያቀርባል? በትክክል የሚዳኝ ሜዳ ፍርድን ያሳያል እንጂ ፍርድን ወደ ቤትና ወደ መሥሪያ ቤት ተሸክሞ አይሄድም። የሚሸከመው ተመልካቹ ነው።

አንባቢ ሆይ፥ ይህ ነገር የሩቅ አገር ታሪክ ሆኖ ብቻ እንዳይቀር እንጠንቀቅ። የፈተናውን ወረቀት ስም ሳያይ በትክክል የሚያርም መምህር፥ በክፍሉ ውስጥ ግን የባለጸጋውን ልጅ ብቻ በስሙ የሚጠራ ከሆነ፥ የተወዳዳሪዎችን ማመልከቻ በደንብ መርምሮ ሹመቱን ለዘመዱ የሚሰጥ ሹምም ቢኖር፥ እነዚህ ሰዎች ሚዛኑን አያውቁም አይባልም። ያውቁታል፤ የሚያስፈርድባቸውም ይኸው ነው። በጦርነትም ሆነ በሰላም ጊዜ ጨዋታ ይገባል፤ የሚገባውም ከሜዳው የተማርነውን ሚዛን ይዘን ለመውጣት ፈቃደኞች ስንሆን ነው።