የተማረ ውሻ ያደነው

ሳሉኪ ከዓረብ ምድር ጥንታዊ አዳኝ ውሾች አንዱ ነው። ዱካ እያሸተተ አይከተልም፤ የሚያድነው በዓይኑ ነው። ከሩቅ የተንቀሳቀሰች ጥንቸል ካየ በሰዓት ከ60 ኪሎ ሜትር በላይ በሆነ ፍጥነት ይወነጨፋል። ቁመቱ ከ58 እስከ 71 ሳንቲ ሜትር ይደርሳል፤ ደረቱ ጥልቅ፣ ወገቡ ሸንቃጣ፣ ጆሮው የተንዘረፈፈ ነው። ከሪያድ በስተሰሜን ምዕራብ በሓኢል አውራጃ፣ ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2015 በዓለም ቅርስነት በመዘገባቸው የጁባና የሹወይሚስ ዓለቶች ላይ፣ ሰዎች በውሾች ሲያድኑ የሚያሳዩ በሺዎች የሚቆጠሩ ዓመታት ያስቆጠሩ ቅርጾች አሉ። አንዳንዶቹ ውሾች ከአዳኙ ወገብ ጋር በገመድ ታስረዋል። የዛሬው ሳሉኪ ከእነዚያ ውሾች በቀጥታ መውረዱን ቅርጾቹ ባያረጋግጡም፣ ሰውና አዳኝ ውሻ በዚህ ምድር አብረው የኖሩት ከእስልምና መምጣት እጅግ ቀደም ብሎ መሆኑን ያሳያሉ።

እስልምና ሲመጣ አንድ ከባድ ጥያቄ ተነሣ። ምራቁ ነጃሳ (ርኩስ) የሆነ እንስሳ በጥርሱ ነክሶ የገደለው ሥጋ እንዴት ሐላል ሊሆን ይችላል?

የበረሃው ዘላኖች ጥያቄውን በራሳቸው መንገድ አቃለሉት። ሌላው ውሻ ከድንኳን ውጭ ሲያድር ሳሉኪ ግን ገብቶ ምንጣፍ ላይ ይተኛል፤ መዳፉን ሒና ይቀቡታል፤ እንደ ክቡር ስጦታ ይሰጣጡታል እንጂ እንደ ሸቀጥ መሸጡን አይወዱም። ይህ መልስ ፍቅር አለበት። ነገር ግን የቆመው በዘር ላይ ነው፤ ሕጉ ደግሞ ዘር አይጠይቅም።

ውሻ አፉን ያስገባበት ዕቃ ሰባት ጊዜ፣ አንዱን በአፈር፣ እንዲታጠብ በነቢዩ ሙሐመድ ሐዲስ (ንግግር) ታዟል። ከዚህ ተነሥተው የሻፊዒና የሐንበሊ መዝሀቦች (የሕግ ትምህርት ቤቶች) ውሻን በሙሉ ነጃሳ ይሉታል፤ ሐነፊዎች ምራቁን ብቻ ይለያሉ፤ ማሊኪዎች ደግሞ ሕይወት ያለው ሁሉ ንጹሕ ነው፣ እጥበቱም ለአምልኮ የታዘዘ ነው ይላሉ። ሪያድ የሐንበሊ አገር ናት። ሆኖም ሪያድ ባለችበት በነጅድ ምድር ሊቃውንት ዘንድ እጅግ የሚከበሩት ኢብን ተይሚያ (1263–1328) ከመዝሀባቸው የተለመደ አቋም ተለይተው የውሻ ጠጉር ንጹሕ ነው ብለዋል። ልዩነቱ ቀላል አይደለም፤ ውሻ የነካው ልብስ ለሶላት መታጠብ አለመታጠቡ በእሱ ላይ ያርፋል።

የአደኑን ጉዳይ የሚፈታው የቁርኣን አምስተኛ ሱራ፣ የአል-ማኢዳ አራተኛ አንቀጽ ነው። ሰው ያስተማራቸው አዳኝ እንስሳት ለጌታቸው የያዙለትን፣ የአላህ ስም ተጠርቶበት፣ መብላት ተፈቅዷል። ዝርዝሩ ነቢዩ ሙሐመድ ለዓዲይ ኢብን ሓቲም በሰጡት መልስ ይገኛል። ዓዲይ የጠይእ ነገድ አለቃ ነበሩ፤ የነገዱም አገር ያው የሓኢል ተራሮች ናቸው። ውሻው ሲለቀቅ የአላህ ስም መጠራት አለበት። ከያዘው ከበላ ለራሱ እንጂ ለጌታው ስላልያዘ ሥጋው አይበላም። ስም ያልተጠራበት ሌላ ውሻ አብሮት ከተገኘም እንዲሁ።

እዚህ ላይ የሚያስደንቅ ነገር አለ። ሥጋውን ሐላል የሚያደርገው የውሻው መማርና ራሱን መግታት ነው፤ ከጌታው ሐሳብና ከተጠራው ስም ጋር አንድ ላይ። የኢብን ተይሚያ ደቀ መዝሙር ኢብን አል-ቀይም (1292–1350) ይህን ለዕውቀት ክብር ማስረጃ አድርገውታል፦ ያልተማረ ውሻ የገደለው በክት ነው፣ የተማረ ውሻ የገደለው ይበላል፤ በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ዕውቀት ብቻ ነው። ስለዚህ ዘሩ የጠራ ያልሠለጠነ ሳሉኪ የገደለው የተከለከለ ሲሆን፣ የሠለጠነ የመንደር ውሻ ያደነው ይፈቀዳል። ኢማም አሕመድ ኢብን ሐንበል አንድ ውሻ ብቻ ለይተዋል፤ ድፍን ጥቁሩ ቢሠለጥንም ያደነውን አልፈቀዱም። አብዛኞቹ ሊቃውንት ግን በዚህ አልተስማሙም።

የሳሉኪ ጠባይ ይህን ቅድመ ሁኔታ ቀላል አያደርገውም። ዝምተኛ፣ ለባዕድ ቁጥብ፣ ለቤቱ ሰው ታማኝ ነው፤ ነገር ግን በራሱ ውሳኔ ማደን የለመደ ስለሆነ እያባረረ ሳለ ጥሪ አይሰማም። ሕጉ ሲልኩት እንዲሄድ፣ ሲጠሩት እንዲቆም፣ የያዘውን እንዳይበላ ይፈልጋል። ይህን የሚያስገኘው ረጅም ትዕግሥት ነው፤ ዱላ የዚህን ውሻ ልብ ይሰብራል እንጂ አያስተምረውም።

እንክብካቤውም ከሃይማኖቱ ጥያቄ አይለይም። የሪያድ የበጋ ቀን ከ43 ዲግሪ ሴልሺየስ ይበልጣል፤ አስፋልቱ መዳፍ ይልጣል። ስለዚህ ሳሉኪ የሚሮጠው ጎህ ሲቀድ፣ አለዚያም ከመግሪብ በኋላ አየሩና መሬቱ ሲበርድ፣ በታጠረ ቦታ መሆን አለበት። ስቡ ጥቂት ስለሆነ ለአጥንቱ ለስላሳ መኝታ ያሻዋል፤ የዳሌው አጥንት መታየት የረሃብ ምልክት አይደለም። አንዳንድ የማደንዘዣ መድኃኒቶች በሰውነቱ ውስጥ ስለሚቆዩ ቀዶ ሕክምና ሲደረግለት ሐኪሙ ዘሩን አስቀድሞ ሊያውቅ ይገባል። የራሱ ዕቃና የራሱ ማደሪያ ከሶላት ቦታ ተለይቶ ሲዘጋጅለት ንጽሕናውም ርኅራኄውም ይጠበቃል። ለተጠማ ውሻ ውኃ ያጠጣ ሰው ምሕረት ማግኘቱን ሐዲስ ይናገራል። የፊቅህ (የእስልምና ሕግ) ሊቃውንትም ከዚህ አልፈው ሄደዋል፦ ውኃ ጥቂት ሲሆንና መገደል የማይገባው እንስሳ በጥም እንዳይሞት ሲፈራ፣ ሰው ውኃውን ለእንስሳው ትቶ በአፈር ተየሙም (ያለ ውኃ መንጻት) ያደርጋል። ከዚህ ተናካሽ ውሻ ይወጣል፤ አዳኙ ውሻ አይወጣም።

የሪያድ ከተማ በዚህ ሁሉ ላይ የራሷን ችግር ጨምራለች። እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2008 የሪያድ የሃይማኖት ፖሊስ ውሻና ድመት መሸጥንና በአደባባይ ይዞ መዞርን ከልክሎ ነበር፤ ምክንያቱ ግን ነጃሳ አልነበረም፣ ወጣቶች በእንስሳቱ ሰበብ ሴቶችን ይቀርባሉ የሚል ነበር። ዛሬ የሜዳ ፍየል ማደን ተከልክሏል፤ ብዙ ሳሉኪዎችም በቪላ ግቢ ውስጥ ሳያድኑ ያረጃሉ። ያለ በቂ ምክንያት ውሻ የሚያሳድር ሰው ከምንዳው በየቀኑ እንደሚጎድልበት ሐዲስ ያስጠነቅቃል፤ ለአደን፣ ለመንጋና ለእርሻ የሚያዘው ግን ነፃ ነው። ታዲያ የማያድን አዳኝ ውሻስ? የሐንበሊው ሊቅ ኢብን ቁዳማ (በ1223 ያረፉ) ጥያቄውን ከስምንት መቶ ዓመት በፊት አንሥተው ሁለት መልስ አስቀምጠዋል፦ ሐዲሱ አዳኝ ውሻን በጥቅሉ ስለለየ ሊፈቀድ ይችላል፤ ያለ ጥቅም ስለተያዘም ሊከለከል ይችላል። ከሁለቱ የመጀመሪያው ለሳሉኪ ይበልጥ ይስማማል። ያደነው ሥጋ የተፈቀደው በተማረው ነገር ከሆነ፣ ሜዳው ስለተዘጋበት የተማረውን አያጣም።