«ሥራ ፍጠር!» ምክር ነው ወይስ ፍርድ?

ከመጠምጠም መማር ይቅደም ይላል ያገራችን ሰው። ከመማር በኋላ የሚመጣውን ግን ተረቱ አልነገረንም። እኛ ባደግንበት ሰፈር የተማረ ልጅ ሥራ «ይይዛል» ይባል ነበር፤ ሥራው አስቀድሞ አንድ ቦታ ተቀምጦ የሚጠብቀው ይመስል። ዛሬ ግሱ ተለውጧል። የተማረ ልጅ ሥራ «ይፍጠር» ተብሏል። ከመያዝ ወደ መፍጠር የተደረገው ይህ ሽግግር የቃል ለውጥ ብቻ ነውን? አይመስለኝም።

በ2012 ዓ.ም. የመጀመሪያ ዓመት የጋራ ትምህርት ወደ ዩኒቨርሲቲዎቻችን ሲመለስ፣ ከሎጂክና ከሥነ ልቦና ጎን ኢንተርፕረነርሺፕ የሚባል ትምህርት ተሰለፈ። የወደፊቱ መሐንዲስም የታሪክ ተማሪውም እንዲማሩት ሆነ። ሐሳቡ በሌላም አገር የተሞከረ ነው። የሐርቫርድ የንግድ ትምህርት ቤት ይህን መሰል ትምህርት እ.ኤ.አ. በ1947 ሲጀምር ነገሩ የንግድ ተማሪዎች ጉዳይ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2003 ግን የካውፍማን ፋውንዴሽን በዚያው በአሜሪካ ስምንት ዩኒቨርሲቲዎችን መርጦ፣ ትምህርቱን ከንግድ ፋኩልቲ አጥር አውጥተው ለሌሎችም ተማሪዎች እንዲያዳርሱ እስከ 25 ሚሊዮን ዶላር መደበ።

«ፈላስፋውንና ባለቅኔውን ቸርቻሪ ሊያደርጉት ነው!» እያሉ የሚያላግጡ ምሁራን አጋጥመውኛል። በዚህ አልስማማም። ንግድንና የእጅ ሥራን መናቅ ያረጀ በሽታችን ነው። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. የእጅ ባለሙያ በሙያው እንዳይሰደብ አዋጅ እስከ ማስነገር የደረሱት፣ አንጥረኛውን «ቡዳ»፣ ሸማኔውን «ቁጢት በጣሽ» እያለ የሚያንቋሽሽ ሕዝብ ስለነበራቸው ነው። ዕውቀትና ገበያም ጠላቶች አይደሉም። ነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ በጀርመን አገር ሕክምና አጥንተው፣ በድሬዳዋ ጉምሩክ ሠርተው፣ ካረፉ በኋላ በ1916 ዓ.ም. የታተመውን የኢኮኖሚ መጽሐፍ ትተውልን ሄዱ። አንድ ሙያ ሌላውን ቢጎበኝ የሚያተርፈው ሁለቱም ነው።

እኔን የሚያሳስበኝ ሌላ ነገር ነው። በቋንቋችን «ፈጣሪ» የእግዚአብሔር ስም ነው። ካለመኖር ወደ መኖር ማምጣት የሱ ብቻ ነው፤ ሰው ጭቃ ካላገኘ ማሰሮ አይሠራም። እንግዲህ ጭቃውንም ውሃውንም ሳንሰጥ አንድን ወጣት «ፍጠር» ስንለው የጠየቅነው ምንድን ነው?

እ.ኤ.አ. በ1755 መጽሐፉ የታተመለት ሪቻርድ ካንቲሎን ይህን ዓይነቱን ሰው ሲገልጸው፣ በታወቀ ዋጋ ገዝቶ ባልታወቀ ዋጋ የሚሸጥ ነው ይለዋል። ቁም ነገሩ ያለው «ባልታወቀ» በሚለው ላይ ነው። ያልታወቀውን የሚሸከመው ማን ነው? አባቱ ሱቅም ቤትም ያለው ተመራቂ ቢከስር እራቱን በልቶ ይተኛል፤ በዓመቱም እንደገና ይሞክራል። አባቷ በሬ ሸጦ ያስተማራት ልጅ ብትከስር ግን የከሰረው ቤተሰቡ ነው። ሁለቱ አንድ ክፍል ተቀምጠው አንድ ፈተና ተፈትነዋል። እሷ ስትወድቅ «የፈጠራ አእምሮ የላትም» ትባላለች። ምክሩ ፍርድ የሚሆነው ያን ጊዜ ነው። የኢኮኖሚው ጉድለት የልጅቷ ጠባይ ጉድለት ተደርጎ ይጻፋል። ዕዳ ከሜዳ ማለት ይኸው አይደለምን?

እኔ ራሴ ደመወዝ የለኝም፤ ጽሑፌን በገጽ እየሸጥኩ የምኖር ነኝ። ነፃነቱ ጣፋጭ መሆኑን አልክድም። ነገር ግን በዲፕሎማ ትምህርቴ ዜና አጻጻፍ ስማር፣ የቤት ኪራይ ቀን የጽሑፍ ክፍያን እንደማይጠብቅ ያስተማረኝ አልነበረም። ያቆመኝም ድፍረቴ ብቻ አይደለም፤ ክፍያ ሲዘገይ ደጃፏን የማትዘጋብኝ እህት ስላለችኝ ነው። እህት የሌለውስ?

ታዲያ ትምህርቱ ይቅር? አይቅር፤ መልኩ ይለወጥ። መሐመድ ዩኑስ በባንግላዴሽ የቺታጎንግ ዩኒቨርሲቲ የኢኮኖሚክስ መምህር ሳለ እ.ኤ.አ. በ1976 ጆብራ ወደምትባል ጎረቤት መንደር ወረደ። እዚያ የቀርቀሃ በርጩማ የሚሠሩ ሴቶች አገኘ። ሥራውን ፈጥረውታል፤ ትርፉን የሚወስድባቸው ግን አበዳሪው ነበር። ዩኑስ ስለ ድፍረት አልሰበከም። ለ42 ሰዎች 27 ዶላር አበደረ። የግራሚን ባንክ መነሻ ይህ ነው። መምህሩ ለመንደሩ ከማስተማሩ በፊት ከመንደሩ ተማረ።

እኛም የራሳችን አብነት አለን። በ1957 ዓ.ም. የተጀመረው የዩኒቨርሲቲ አገልግሎት ተማሪውን ከመመረቁ በፊት አንድ ዓመት ወደ ክፍለ ሀገር ይልከው ነበር። ያ ተማሪ የሚያጠናው ዕውቀት የት ቦታ እንደሚጎድል በዓይኑ አይቶ ይመለሳል። ሥራ ፈጠራም መጀመር ያለበት ከዚያ ይመስለኛል። የግብርና ተማሪው ቲማቲሙ የት ቦታ እንደሚበሰብስ፣ የነርስ ተማሪዋ በሽተኛው ከሆስፒታል ወጥቶ ቤቱ ማን እንደሚጠብቀው፣ የቋንቋ ተማሪው ማመልከቻ መጻፍ የማይችለው ሰው ማን ዘንድ እንደሚሄድ ይይ። ለሁሉም አንድ ዓይነት መጽሐፍ አስነብቦ አንድ ዓይነት የንግድ ዕቅድ ማስጻፍ ግን ለሁሉም አንድ ቁጥር ጫማ እንደ መስፋት ነው።

እንግዲህ አንባቢ ሆይ፣ ለልጅህ ወይም ለታናሽ ወንድምህ «ሥራ ፍጠር» ከማለትህ በፊት አንድ ነገር ራስህን ጠይቅ፤ ቢወድቅ ከኪሳራው ስንት እጅ ትካፈለዋለህ? ጥያቄው ለዩኒቨርሲቲውም፣ ለባንኩም፣ ለመንግሥትም ይድረስ። ከኪሳራው ምንም የማይካፈል መካሪ የሰጠው ምክር አይደለም፤ ሸክሙን ከራሱ ጫንቃ ወደ ልጁ ጫንቃ አዛወረ እንጂ።