ያሉበትን ስፍራ ስለ መግለጽ

ሰው ያለበትን ስፍራ ለዓለም ሁሉ መንገር ይገባዋልን?

እ.ኤ.አ. በ2022 ያረፈው አሜሪካዊው ቦብ ብሩኒንጋ «ኤ.ፒ.አር.ኤስ.» የተባለውን ዘዴ ለአማተር ራዲዮኞች አበጀ። በመኪና ያለችው ራዲዮ ከሳተላይት ያወቀችውን ስፍራ በአየር ሞገድ ታሰራጫለች፤ ሌላው ጣቢያ ተቀብሎ ወደ ኢንተርኔት ያሳልፈዋል፤ የራዲዮ ፈቃድ የሌለውም ሁሉ በካርታ ላይ ያየዋል። ብሩኒንጋ ራሱ ግን፣ ዘዴው በአካባቢው ላሉት ወሬ መለዋወጫ ነው እንጂ መኪና መከታተያ አይደለም እያለ ይሟገት ነበር።

ባለመኪናውስ ስለ ራሱ ፈቀደ ይባል፤ ነገር ግን፣ ወጣት አንባቢ ሆይ፣ አጠገቡ የተቀመጠችውን ሚስቱን ማን ጠየቃት? ቤታቸውን ጥለው መውጣታቸውም ለሌባ ጭምር ተነገረ።

በዘዴው ደንብ የስፍራውን የመጨረሻ አኃዞች ትቶ አካባቢውን ብቻ ማስታወቅ ይቻላል። ይህን እንደ ማታለል የሚቆጥር ቢኖር እኔ አልስማማም፤ ወዴት ትሄዳለህ የተባለ መንገደኛ «ወደ ገበያ» ብሎ ቢያልፍ፣ የማንን ደጅ እንደሚያንኳኳ አልተናገረምና ዋሸ አይባልም።