ሁለተኛው እሳት

ነቀምት አጠገብ ባለችው ጉቴ አንድ ሽማግሌ ቢላዋ ሠሪ ነበረ። ከአሮጌ የጭነት መኪና ባሌስትራ የሚያወጣው ቢላዋ ጎመን ሲከትፍ ቅጠሉን አያደቅም፤ ሥጋ ሲበልት እጅ አያደክምም። የእሱ ቢላዋ ያልገባበት ማድቤት አልነበረም፤ እሱን ወደ ውስጥ ያስገባው ቤት ግን ጥቂት ነው። ቀጥቃጭ ነዋ! ዓይኑ ይፈራል።

አንድ ባለጸጋ ልጁን ሊድር ሲሰናዳ ለሥጋ ቤቱ አሥራ ሁለት ቢላዋ አዘዘ። ወናፍ የሚነፋው የሽማግሌው ልጅ ቀብድ ሊቀበል ሄዶ ውሃ ቢጠይቅ፣ በጣሳ ደጅ ድረስ ወጣለት። ጠጥቶ ሲመልስ ጣሳውን ከአጥሩ ውጭ ወረወሩት። ልጁ አየ፤ ምንም ሳይናገር ተመለሰ።

አባቱ ታሞ ተኝቶ ስለነበር ሥራውን ብቻውን ያዘ። ብረቱን አግሎ ቀጠቀጠ፣ ስለቱን አሳሳ፣ እንደገና እስኪቀላ አግሎ የተቃጠለ ሞተር ዘይት ውስጥ ነከረው። ሞረድ የማይነክሰው ደረቅ ሆነ። እዚያ ላይ አቆመ፤ የወይራ እጀታ ገጥሞ፣ ስሎ አስረከበ።

ሰንጋው ተጥሎ ብልት ሲወጣ አንዱ ቢላዋ አጥንት ነክቶ ለሁለት ተሰበረ። ቀጥሎ ሌላው። ባለጸጋው ስባሪውን ይዞ እየተቆጣ መጣ።

ሽማግሌው ከአልጋው ተነሥቶ ስብራቱን አገላብጦ አየ። «ልጄ፣ ሁለተኛውን እሳት ለምን ነፈግኸው?»

«እልህ ይዞኝ ነው አባዬ። እኔ ስለጠጣሁበት ጣሳቸውን ጣሉት።»

ባለጸጋው አቀረቀረ። ሽማግሌው ካልተሰበሩት አንዱን ወስዶ እጀታውን ነቀለ፣ በአሸዋ ፈትጎ አበራው፣ ጀርባውን የጋለ ወፍራም ብረት ላይ አሳረፈ። ከጀርባው የተነሣ ቢጫ ቀለም ቀስ እያለ ወደ ስለቱ ተጓዘ። ስለቱ የገብስ ነዶ ሲመስል ብድግ አድርጎ አነሣው።

«ኦቦ» አለ፣ «ብረቱን ያደረቀው ድንገተኛ ቅዝቃዜ ነው። ድርቀቱ ስለት ይሰጠዋል፤ ለስለስ ያለ ሙቀት ካልተከተለው ግን ጎበጥ ብሎ መመለስ አይችልም፣ ይሰበራል። ልጄንም እንዲሁ ነው ያደረጋችሁት። ቢላዋዎቹን እኔ አሞቃለሁ፤ ልጁን ማሞቅ የእርስዎ ፈንታ ነው።» ወደ ልጁም ዞሮ «አንተ ደግሞ የተሰበሩትን ያለ ዋጋ ትተካለህ፤ ሰው ቢበድልህ ብረቱ ምን አደረገህ?» አለው።

በማግስቱ አባትና ልጅ ዳሱ ውስጥ ከእንግዶቹ ጋር ከአንድ ገበታ በሉ።

ምሳሌው የእኛው ነው። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለ እጅን በሥራው መስደብ የሚከለክል አዋጅ አስነግረው ነበር። አዋጁ ከመቶ ዓመት በላይ ሆነው፤ ስድቡ ከአደባባይ ገለል ቢልም ሐሜቱ ከብዙ ቤት አልወጣም። ጀርመኖች በ1938 እ.ኤ.አ. የቢላዋ ከተማቸውን የዞሊንገንን ስም በሕግ ጠብቀዋል፤ እዚያ ያልተሠራ ስለት በስሙ እንዳይሸጥ። እኛ ግን የሠሪውን ስም ሳንጠይቅ በቢላዋው እንበላለን።

ባለሙያን ችግር ያጠነክረዋል ይባላል። እውነት ነው፣ ግን ግማሹ። ችግር ብቻውን ሰውን ያደርቀዋል፤ ያዘነ ባለሙያም እጁን ከሥራው ይሰበስባል፣ ልጁም ወናፉን ጥሎ ይሄዳል። ሙያ ከአባት ወደ ልጅ የሚሻገረው ክብር ሲከተለው ነው።

ክብሩም በቃል ብቻ አይሁን። ቢላዋ ስንገዛ የድካሙን እንክፈል፣ ስሙን ጠይቀን ለሌላው እንንገር፣ በድግሳችን እንጥራው። ልጁ ልጃችንን ለትዳር ቢጠይቅም ዘር ቆጥረን አንመልሰው።