በስሟ የተጠየቀ ገንዘብ



ርዳታ ሰጪ ድርጅቶች በዘመናችን የሚሰጡት ገንዘብ ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው ለሥራው ለራሱ የሚሰጥ ነው፤ ጕድጓድ ያስቈፍራል፣ መድኃኒት ይገዛል፣ ደመወዝ ይከፍላል። ሁለተኛው ሥራውን ለማቀድ ብቻ የሚሰጥ ሲሆን ለጥናት፣ ለምክክር ስብሰባ፣ ለአማካሪ ባለሙያና ለሰነድ ዝግጅት ይውላል። ከዚህ ከሁለተኛው ወገን አንድ ምሳሌ ለኅሊናችን እናቅርብ። በአርሲ ደጋ፣ በዲክሲስ ወረዳ፣ በየቀበሌው የሚያገለግሉ የጤና ሠራተኞችን ሥራ ለሕዝብ የሚያስታውቅና የሚያስከብር ዘመቻ ለማቀድ የሚሆን ገንዘብ ተገኘ እንበል። ይህ ገንዘብ ክትባት አያመጣም፤ የጤና ኬላውን የተሰበረ በርም አያስጠግንም። የሚወልደው ዕቅድ ነው፤ ከዕቅዱ ዘመቻ፣ ከዘመቻውም ምስጋና ይጠበቃል። በድሆች ስም የተጠየቀ ገንዘብ ለዚህ ቢውል አግባብ ነውን?

ለዚህ ጥያቄ ፈጥኖ «ብክነት ነው» ብሎ የሚመልስ ሰው አይታጣም። ጸሐፊውም ለብዙ ጊዜ እንዲሁ ይል ነበር። ይሁን እንጂ ጌታችን ግንብ ሊሠራ ስለሚያስብ ሰው ሲናገር፣ አስቀድሞ ተቀምጦ ወጪውን የማይቈጥር ሰው መሳቂያ እንደሚሆን አስተምሮናል (ሉቃ. 14፣28-30)። ማሰብም ሥራ ነው፤ የሚያስብ ሰው ደግሞ እንጀራ ይበላል። ሳይታሰብበት የተጀመረ መልካም ሥራ ምን ያህል እንደሚጐዳ የሀገራችን የጤና ታሪክ ራሱ ይመሰክራል። በ1978 እ.ኤ.አ. በአልማ አታ የተሰበሰቡት መንግሥታት መሠረታዊ ጤና ለሁሉ እንዲዳረስ ከተስማሙ በኋላ፣ በኢትዮጵያም የገጠር ጤና ወኪሎች ከየገበሬ ማኅበሩ ተመርጠው ለጥቂት ወራት ሠልጥነው ወደ መንደራቸው ተመልሰው ነበር። ኑሯቸውን ማኅበሩ ይደግፋል ተባለ። ማኅበሩ ከየት አምጥቶ እንደሚደግፋቸው ግን በቅጡ የቈጠረ አልነበረም። ብዙዎቹ ቦርሳቸውን ሰቅለው ወደ እርሻቸው ተመለሱ። እነዚህን ሰዎች የበደላቸው የፍቅር ማነስ ብቻ አልነበረም፤ የሂሳብ ማነስም ነበር።

እንግዲህ ማቀድ በራሱ አይነቀፍም። ወደ ሁለተኛው ነገር እንለፍ፤ ምስጋናውስ ይገባልን?

የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም በ2003 እ.ኤ.አ. ሲጀመር ለእያንዳንዱ ቀበሌ ሁለት ሴቶች ተመደቡ። አብዛኞቹ አሥረኛ ክፍል የጨረሱ የገበሬ ልጆች ሲሆኑ፣ አንድ ዓመት ሠልጥነው በ16 የጤና ጥቅሎች ላይ ቤት ለቤት እየዞሩ እንዲያስተምሩና እንዲያገለግሉ የመንግሥት ደመወዝተኛ ሆኑ። በጥቂት ዓመታት ውስጥ ቍጥራቸው ከ30,000 በላይ ደረሰ። አንድ ቀበሌ በአማካይ 5,000 ያህል ነፍስ አለበት። በዲክሲስ ዓይነት የስንዴና የገብስ አገር ደግሞ ቤቶቹ በእርሻ መካከል ተበታትነው ነው የሚገኙት። በክረምት ያንን የዋልካ ጭቃ የረገጠ ሰው መንገዱን ያውቀዋል፤ ጫማ ያስቀራል። ልጅቷ የክትባቱን ሳጥን በአንድ ትከሻዋ አንግታ፣ ለውሻ መመለሻ በትር ይዛ፣ ከአንዱ ኮረብታ ወደ ሌላው ትሻገራለች። እስላም ቤት ትገባለች፣ ክርስቲያን ቤት ትገባለች። ነፍሰ ጡሯን ትመዘግባለች፤ የታመመውን ሕፃን አተነፋፈስ ትቈጥራለች፤ መጸዳጃ ጕድጓድ ያልቈፈረውን አባወራ ደግማ ደጋግማ ትጨቀጭቃለች። ይህ የመጨረሻው ሥራ ወዳጅ አያፈራም።

በ2000 እ.ኤ.አ. በተደረገው ሀገር አቀፍ የሥነ ሕዝብና የጤና ጥናት መሠረት፣ በሕይወት ከተወለዱ 1,000 ሕፃናት መካከል 166ቱ አምስት ዓመት ሳይሞላቸው ይሞቱ ነበር። በ2019 እ.ኤ.አ. ይህ ቍጥር ወደ 59 ወርዷል። ለዚህ መሻሻል ምክንያቱ ብዙ ነው፤ መንገድ አለበት፣ ትምህርት አለበት፣ ክትባት አለበት። ነገር ግን ክትባቱ በራሱ እግር ወደ ሕፃኑ አልሄደም።

ቅዱስ ቶማስ ዘአኲኖ ክብር መስጠት በሰው ውስጥ ላለው መልካምነት መመስከር እንደሆነ ያስተምራል። በዚህ መሠረት ልጅቷን ማመስገን ችሮታ ሳይሆን ዕዳ ነው። ጥቅምም አለው። ነቢይ በሀገሩ አይከበርምና፣ የጎረቤቱ ልጅ የሰጠችውን ምክር ንቆ ሕፃኑን ይዞ እስከ አሰላ የሚሄድ አባት አለ፤ ሲደርስ የሚነገረውም አንዳንዴ ያው የእርሷ ምክር ነው። የጤና ኬላው ባዶ ሲውል መድኃኒቱ ጊዜው ያልፍበታል። ሰው ሠራተኛዋን እንዲያምናት ማድረግ እንግዲህ ከሕክምናው የሚለይ ሥራ አይደለም፤ ለዚህ ተብሎ የሚደረግ ዘመቻ፣ ለዘመቻውም የሚደረግ ዕቅድ፣ ሊደገፍ ይችላል።

እስከዚህ ድረስ ነገሩ መልካም ነው። የሚከብደው ከዚህ በኋላ ያለው ነው።

ከደመወዝተኞቹ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ሥር፣ በተለይ ከ2011 እ.ኤ.አ. ወዲህ፣ «አንድ ለአምስት» በሚባለው አደረጃጀት የተሰለፉ እጅግ ብዙ የገጠር እናቶች አሉ። እነርሱ ደመወዝ የላቸውም። የአምስት ጎረቤቶቻቸውን እርግዝና ይከታተላሉ፣ ስብሰባ ይጠራሉ፣ የልማት ቡድን መሪ ይባላሉ። ስማቸው «በጎ ፈቃደኛ» ነው። ፈቃዱ የማን እንደሆነ የጠየቃቸው ሰው ግን ጥቂት ነው፤ አንዲት እናት በቀበሌ ስብሰባ ላይ ስሟ ሲጠራ «አልፈልግም» ማለት እንደማይቀላት ሁላችንም እናውቃለን። የዓለም ጤና ድርጅት በ2018 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ የማኅበረሰብ ጤና ሠራተኞች ከሥራቸው ክብደት ጋር የሚመጣጠን ክፍያ ሊያገኙ እንደሚገባ መክሯል። ቤተ ክርስቲያናችን ይህን ከዚያ ብዙ ቀደም ብላ ተናግራለች። ሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤ በ1965 እ.ኤ.አ. ስለ ምእመናን ሐዋርያዊ ተግባር ባወጣው ድንጋጌ (ቍ. 8)፣ በፍትሕ የሚገባው ነገር እንደ ፍቅር ስጦታ ተደርጎ እንዳይቀርብ፣ አስቀድሞ የፍትሕ ግዴታ መፈጸም እንዳለበት አዝዟል። ለማይከፈላት እናት ካናቴራ አልብሶ፣ በሸራ ላይ ፎቶግራፏን ሰቅሎ፣ ጀግና ብሎ ማጨብጨብ ከዚህ ትእዛዝ ጋር እንዴት ይታረቃል? ጌታችን ምጽዋት ሲሰጡ በፊታቸው መለከት የሚያስነፉትን ነቅፏል። በእኛ ዘመን መለከቱ የሚገዛው ከምጽዋቱ ላይ ነው።

አንድ ነገር ልናዘዝ። ከዓመታት በፊት በአንድ ከተማ፣ ይህንኑ የመሰለ ዕቅድ በሚነደፍበት ዐውደ ጥናት ላይ ተቀምጫለሁ። ሦስት ቀን ቈየን። ምሳው መልካም ነበር፤ ውሎ አበሌንም ፈርሜ ተቀብያለሁ። በሁለተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ አንዲት የገጠር ጤና ሠራተኛ ምስክርነት እንድትሰጥ ተጠርታ መጣች። ዐሥራ አምስት ደቂቃ ተሰጣት። አንዱ ተሰብሳቢ «በፖስተሩ ላይ ስለ አንቺ ምን እንዲጻፍ ትፈልጊያለሽ?» ብሎ ጠየቃት። ጥቂት አሰበችና «የክትባት ቀን ሐሙስ መሆኑን ጻፉልኝ፤ ሰው እየረሳ ይቀርብኛል» አለች። ሁላችንም ሳቅን፤ በፍቅር ነበር የሳቅነው። ከዚያ ወደ ቤቷ ሄደች። የመጓጓዣዋን ከኪሷ እንደከፈለች የሰማሁት በኋላ ነው። በመጨረሻ በተዘጋጀው ረቂቅ ላይ ስለ ሐሙስ የተጻፈ ነገር አላየሁም፤ እኔም ይጻፍ ብዬ አልተናገርኩም።

የአርሲ ሰው ስለ ዕቅድ ከውጭ የሚመጣ ትምህርት አያስፈልገውም። በ1967 እ.ኤ.አ. ከስዊድን መንግሥት ጋር በተደረገ ስምምነት አሰላን ማዕከል አድርጎ የተቋቋመው የጭላሎ እርሻ ልማት ድርጅት፣ ካዱ፣ በጥናት ላይ ጥናት ተደርጎለት የተጀመረ ነበር። የተሻለ የስንዴ ዘር፣ ማዳበሪያና የወተት ላም አመጣ፤ ምርቱም አደገ። የታሰበው ለጭሰኛውና ለአነስተኛው ገበሬ ነበር። ነገር ግን ስንዴ ትርፍ ማምጣቱን ያዩ ባለርስቶች ትራክተር አስገብተው ጭሰኛውን ከመሬቱ አፈናቀሉት። ዕቅዱ የኩንታሉን ብዛት በትክክል ገምቶ ነበር፤ ጭሰኛውን በመሬቱ ላይ የሚያጸናው ሕግ ግን አልወጣም፤ እርሱ ራሱም በወረቀቱ ላይ የሚታሰብለት እንጂ የሚናገር ሰው አልነበረም።

በዓለም ደረጃም ቢሆን የሰፋ ቃል አልታጣም። በ2013 እ.ኤ.አ. ከሰሃራ በታች ላሉ ሀገሮች አንድ ሚሊዮን የማኅበረሰብ ጤና ሠራተኞች የሚል ዘመቻ ታወጀ፤ በ2017 እ.ኤ.አ. ደግሞ የአፍሪካ ኅብረት ቍጥሩን ሁለት ሚሊዮን አደረሰው። በጥር 2025 እ.ኤ.አ. የአሜሪካ መንግሥት የውጭ ርዳታን ሲያግድ፣ በሀገራችን በዚያ ገንዘብ የሚከፈላቸው 5,000 ያህል የጤናው ዘርፍ ሠራተኞች ውል ተቋረጠ። «ዘመቻ» የሚለው ቃል በእኛ ጆሮ የራሱ ትዝታ አለው፤ በ1967 ዓ.ም. የዕድገት በኅብረት፣ በ1971 ዓ.ም. የመሠረተ ትምህርት። ዘማች ይመጣል፣ ይሠራል፣ ይመለሳል። የሳንባ ምችና ተቅማጥ ግን ዘምተው አይመለሱም፤ ነዋሪዎች ናቸው።

ስለ ክብር ከተነሣም፣ የአርሲ ኦሮሞ እናቶች ሲንቄን ይዘው ኖረዋል። እናት ለልጇ በሠርጓ ቀን የምትሰጣት ይህች ቀጭን በትር የሴትነት ክብር ምልክት ናት። አንዲት ሴት ስትበደል ሴቶቹ ሲንቄያቸውን ይዘው በአንድነት ይወጣሉ፤ በዳዩም ይቅርታ ጠይቆ፣ ካሳ ከፍሎ ነው የሚታረቀው። በዚህ ሥርዓት ክብር ከላይ የሚወርድ ምስጋና አይደለም፤ ባለመብቷ ራሷ የምትጠይቀው ነው፤ ከካሳም አይለይም። በዲክሲስ የሚታቀድ ማናቸውም ዘመቻ ይህን የሚያውቁ ሴቶች መካከል እንደሚገባ ማስታወስ አለበት።

ስለዚህ የዕቅዱ ገንዘብ አግባብ የሚሆነው መቼ ነው? ጸሐፊው እንደሚመስለው፣ ገንዘቡ የተጠየቀው በስሟ ከሆነ እርሷ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ በጠረጴዛው ዙሪያ ትቀመጥ። ለምስክርነት ሳይሆን ለውሳኔ ትጠራ፤ አማካሪው የሚቀበለውን ውሎ አበል እርሷም ትቀበል። በጀቱ በአፋን ኦሮሞ፣ በቀበሌው ሕዝብ ፊት፣ እስከ መጨረሻው ብር ይነበብ። ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት በነዲክቶስ 16ኛ በ2009 እ.ኤ.አ. ባወጡት «ካሪታስ ኢን ቬሪታተ» በተሰኘው ሐዋርያዊ መልእክት (ቍ. 47)፣ ድሆች ውድ የሆኑ መሥሪያ ቤቶችን ለማኖር መሣሪያ የሚሆኑበት ጊዜ መኖሩን ገልጸው፣ ድርጅቶች ገንዘባቸው ምን ላይ እንደዋለ በግልጽ እንዲያሳውቁ አሳስበዋል።

ይህን ለሌላው ብቻ የምንናገረው አይደለም። የመቂ ሐዋርያዊ ቪካሪያት በልኡካነ ወንጌል ድካምና በርዳታ የተሠሩ ብዙ ተቋማት አሉት፤ ለሥጋ ደዌ ሕሙማን መጠለያነት የተጀመረው የጋምቦ ሆስፒታል ከእነዚህ አንዱ ነው። እኛም የርዳታ ማመልከቻ እንጽፋለን፤ እኛም ሸራ እንሰቅላለን። እናንተ ካቴኪስቶች ደግሞ የቀበሌዋን ጤና ሠራተኛ መንገድ በእግራችሁ ታውቁታላችሁ። በዓመት አንድ ቀን በስብከት ትመሰገናላችሁ። በቤተ ክርስቲያን ልዩ አገልግሎት ላይ ዘወትር የተመደቡ ምእመናን ለኑሯቸው የሚበቃ ተገቢ ክፍያ የማግኘት መብት እንዳላቸው የ1983 እ.ኤ.አ. ሕገ ቀኖና (ቍ. 231) ይደነግጋል። በየቁምስናችን ይህ ቀኖና እንዴት እየተፈጸመ እንደሆነ የቁምስናው ምክር ቤት በሚቀጥለው ስብሰባው ቢጠይቅ መልካም ነው፤ ስለ ዲክሲስ ከመናገራችን በፊት ቢሆን ይመረጣል።

አንድ ነገር ቀርቶኛል። ለማቀድ የተሰጠ ገንዘብ ሐቀኛ መሆኑን የምናውቅበት ምልክት፣ ዕቅዱ «አያስፈልግም» ብሎ ሊመለስ መቻሉ ይመስለኛል። ሠራተኞቹና እናቶቹ ተቀምጠው ተወያይተው፣ ዘመቻው ይቅር፣ የኬላው በር ይጠገን፣ ውኃ ይግባልን፣ ወርኃዊ ክፍያችን በጊዜው ይድረሰን ቢሉ፣ ይህ መልስ በሪፖርቱ ላይ ይጻፋልን? ወይስ ቀጣዩ ትልቅ ገንዘብ እንዳይቀር ተብሎ በሌላ ቃል ይተረጐማል? ውሉ ሲፈረም ለጋሹ ድርጅት ይህን መልስ እንደሚቀበል በአንድ ዐረፍተ ነገር ቢያረጋግጥ፣ ፈራሚው ካህንም ሆነ ሹም ብዕሩን ከማንሣቱ በፊት ያንን ዐረፍተ ነገር ቢፈልግ፣ የዲክሲሷ ልጅ ለስብሰባው ያወጣችው የመጓጓዣ ገንዘብ በከንቱ አይሆንባትም።