ሰዓቱን ከመክሰሳችሁ በፊት

ጥቅምት ገብቶ ለንደን ፊቷን ማጥቆር ስትጀምር ከእናንተ ከወጣቶቹ የሚደርሰኝ ስልክ አንድ ዓይነት ነው። «ጋሼ፣ ሂቲንጉ አልነሳ ብሏል፤ ታይመሩ ተቃጥሎ መሰለኝ። አዲስ ልዘዝ?» አትዘዙ ልጆቼ። መጀመሪያ ጥፋቱ የማን እንደሆነ እወቁ።

ታይመር ሙቀት አያመርትም። ሰዓት የተገጠመለት ማብሪያና ማጥፊያ ነው፤ ሰዓቱ ሲደርስ 230 ቮልት ወደ አንድ ሽቦ ይለቃል፣ ሲያልፍ ይቆርጣል። ከዚያ ወዲያ ትእዛዙን የሚቀባበሉት ሌሎች ናቸው፦ የክፍሉ ቴርሞስታት፣ የሙቅ ውሃ ጋን ባለበት ቤት ደግሞ በሞተር የሚከፈተው ቫልቭ፣ በመጨረሻም ቦይለሩ። ከእነዚህ አንዱ እምቢ ካለ ራዲያተሩ እንደቀዘቀዘ ያድራል። ታይመሩ ቀድሞ የሚታማው ዓይን ፊት ስለተሰቀለ ብቻ ነው።

ሰዓቱ ራሱ ልክ መሆኑን ከማየት ጀምሩ። እዚህ አገር በኦክቶበር የመጨረሻ እሑድ ሰዓት ወደ ኋላ ይመለሳል፣ በማርች የመጨረሻ እሑድ ወደ ፊት ይሄዳል፤ አሮጌ ታይመሮች ይህን በራሳቸው አያውቁም። ዙሪያውን ፒን ያለው፣ እየዞረ የሚሠራው የድሮ ዓይነት ደግሞ መብራት ሲጠፋ አብሮ ይቆምና ሲመጣ ካቆመበት ይቀጥላል። እኛ ቤት ብቻ የሚገኝ ብልሽትም አለ። ልጆቻቸውን ሊጠይቁ ከአዲስ አበባ የመጡ እናት «ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ይነሳልን» ብለው 12:00 ቢሞሉት፣ ሙቀቱ የሚመጣው ሁሉም ሥራ ከሄደ በኋላ እኩለ ቀን ላይ ነው። ማሽኑ ምንም አልሆነም። የእኛ ጠዋት 12 ለእሱ 06:00 ነው።

ሰዓቱ ልክ ከሆነ ቴርሞስታቱን ከፍ አድርጉት። ክፍሉ 19 ዲግሪ ሆኖ ቴርሞስታቱ 18 ላይ ከተቀመጠ ቦይለሩ ያልተነሳው ታዝዞ ነው። ቀጥላችሁ ታይመሩን ከፕሮግራም አውጡና ሁልጊዜ ክፍት በሚያደርገው ቦታ ላይ አቁሙት። እኔ ከሁሉ የማምነው ይህን ሙከራ ነው። በዚህ ተነስቶ በፕሮግራም እምቢ ካለ ችግሩ አሞላላችሁ ላይ ወይም ሰዓቱ ላይ ነው። በዚህም ካልተነሳ ጆሯችሁን አስጠጉና አብሩት አጥፉት፤ ውስጡ ያለው ሪሌ «ቀጭ» ማለት አለበት። ቀጭ ማለቱ ግን ከጥፋት ነፃ አያደርገውም፤ ኮንታክቱ የተቃጠለ ሪሌ ድምፁን እያሰማ መብራት ላያሳልፍ ይችላል። ስክሪኑ ጭራሽ ከጠፋ፣ የሂቲንጉ መስመር የሚጠፋበትን ማጥፊያ አጥፍታችሁ እዚያው ያለውን ባለ 3 አምፒር ፊውዝ ለውጡ። አዲሱም ወዲያው ከተቃጠለ ሌላ ቦታ ሾርት አለና ትልቅ አምፒር እየከተታችሁ አትሟገቱት። ቦይለሩ ላይ ያለውን የግፊት መለኪያም ጎብኙ። ውሃው ቀዝቃዛ ሳለ 1 ባር አካባቢ መሆን ሲገባው ወደ ዜሮ ከወረደ ብዙ ቦይለሮች አይነሱም።

አሁን ታይመሩ ጥፋተኛ ሆኖ ተገኘ እንበል። ተከራይ ከሆናችሁ ካቻቪቴውን አስቀምጡ። በ1985 የወጣው የአከራይና ተከራይ ሕግ አንቀጽ 11፣ በእንግሊዝ ከሰባት ዓመት ላነሰ ኪራይ፣ የቤት ማሞቂያንና የሙቅ ውሃን መሣሪያ የመጠገን ግዴታ የጣለው አከራዩ ላይ ነው። በስልክ ነግሬዋለሁ አይበቃም፤ ቀን ያለበት ጽሑፍና ፎቶ ላኩለት። ተናዳችሁ ኪራይ እንዳትቆርጡ፤ እናንተ ባለዕዳ ትሆናላችሁ፣ ነገሩም ወደ ማስወጣት ይዞራል።

ቤቱ የራሳችሁ ከሆነና ከመብራት ጋር ከተላመዳችሁ ሥራው ያን ያህል አያስፈራም። እዚህ አገር የሚሸጡ አብዛኞቹ ታይመሮች የሚሰቀሉት በአንድ ዓይነት የጀርባ ሳህን ላይ ነው፤ ሽቦዎቹ የታሰሩት ሳህኑ ላይ እንጂ ታይመሩ ላይ አይደለም። መስመሩን አጥፉ፣ ፊውዙን ነቅላችሁ ኪሳችሁ ክተቱ። ቴስተራችሁን መብራት ባለበት ሶኬት ሞክራችሁ፣ ከዚያ ታይመሩ ጋ፣ ከዚያ እንደገና ሶኬቱ ላይ ፈትሹት፤ የሞተ ቴስተር ሁሉንም ሽቦ ሙት ነው ይላል። ከታች ያሉትን ሁለት ብሎኖች አላሉ፣ የታችኛውን ጠርዝ ወደ እናንተ ሳቡና ወደ ላይ አንሱት፤ ይወጣል። የአዲሱ አሰላለፍ ከአሮጌው ጋር አንድ ከሆነ፣ ማለት ኤን፣ ኤል፣ ከዚያ ከ1 እስከ 4፣ ሽቦ ሳትነኩ ትሰቅሉታላችሁ። ጀርባው ላይ ትንሽ ተንሸራታች ማብሪያ ካለ ግን እንደ አሮጌው አድርጉት፤ ሂቲንጉንና ሙቅ ውሃውን ለየብቻ ማዘዝ መቻል አለመቻላችሁን የምትወስነው እሷ ናት።

አሰላለፉ ከተለየ ፎቶ አንሱ፣ እያንዳንዱን ሽቦ በገባበት ቁጥር ምልክት አድርጉበት። በቀለም እንዳትመሩ አደራ። ከ2004 ወዲህ ቡናማው ፌዝ፣ ሰማያዊው ኒውትራል ነው፤ ከዚያ በፊት ቀዩ ፌዝ፣ ጥቁሩ ኒውትራል ነበር፤ ሁለቱም ትውልድ አንድ ሳጥን ውስጥ ተቃቅፎ ሊገኝ ይችላል። በሂቲንግ መስመር ላይ ደግሞ ሰማያዊው ወይም ጥቁሩም ታይመሩ ሲያዝ ፌዝ ሊሸከም ይችላል። እዚህ ላይ የተጠራጠረ ኤሌክትሪሻን ይጥራ፤ ማፈር አያስፈልግም።

የቦይለሩን ክዳን ግን ማንም እንዳይከፍት። ጋዝ የሚነካ ሰው በጋዝ ሴፍ የተመዘገበ መሆን አለበት፤ ከ2009 ጀምሮ የቀድሞውን ኮርጊ የተካው መዝገብ ይህ ነው። ባለሙያው ሲመጣ መታወቂያውን ጠይቁ፣ ጀርባውንም አንብቡ፤ የትኛውን ሥራ እንዲሠራ እንደተፈቀደለት የተጻፈው እዚያ ነው። የአገራችን ልጅ ነው፣ በርካሽ ይሠራልናል ብሎ ያልተመዘገበ ሰው ማስገባት ይሉኝታ ሳይሆን ሞኝነት ነው።

አዲሱ ከተሰቀለ በኋላ ሂቲንጉን ለብቻ፣ ሙቅ ውሃውን ለብቻ እያበራችሁ እያጠፋችሁ ሞክሩ። ማብራቱን ብቻ አይታችሁ አትተኙ፤ ሲጠፋ ቦይለሩ በትክክል መቆሙንም ጠብቁ። ከዚያ መነሻውን ከአልጋ ከምትወርዱበት ግማሽ ሰዓት ያህል አስቀድማችሁ ሙሉ፤ ብርዱ ሲጠና ትንሽ ትጨምሩበታላችሁ። አሮጌው ወደ ቆሻሻ ገንዳ አይሄድም፤ የኤሌክትሪክ ዕቃ የሚቀበለው የካውንስል መጣያ ይወስደዋል።