የአገልጋዩ ዕዳ የማን ነው?

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።



ከጥቂት ሳምንታት በፊት ከእሑድ ጉባኤ በኋላ አንድ ወንድማችን መንፈሳዊ ኮሌጅ ገብቶ በዲግሪ ለመማር ማሰቡን ገለጸልን። ሁላችንም ደስ አለን፤ እልል ያለም ነበር። እርሱ ግን ድምፁን ዝቅ አድርጎ የሚረዳው ሰው እንደሌለ፣ እናቱም ገንዘቡን ከአራጣ አበዳሪ ልትወስድለት እንደተነሣች ነገረን። ከመካከላችን አንዱ ፈጥኖ «ለእግዚአብሔር ሥራ ሒሳብ አይሠራም፤ እርሱ ያውቃል» አለው። እኔም «እውነት ነው» ብዬ ተባበርሁ። ቤቴ ገብቼ ሳስበው ግን፣ በሌላ ሰው እናት ዕዳ ላይ መንፈሳዊ መስዬ መታየቴን ተረዳሁና አፈርሁ። ይህን ጽሑፍ ለማቅረብ ያነሣሣኝም ይኸው ነው።

በመሠረቱ ያ አነጋገር ከወንጌል የተገኘ አይደለም። ጌታችን ሊከተሉት ለወደዱት ሰዎች በተናገረው ምሳሌ፣ ግንብ ሊሠራ ያሰበ ሰው አስቀድሞ ተቀምጦ ወጪውን እንደሚያሰላ፣ ሳያሰላ ጀምሮ ቢያቋርጥ ግን መሳለቂያ እንደሚሆን አስተምሯል (ሉቃ. 14፥28-30)። እርግጥ ነው፤ ምሳሌው የሚናገረው ራስን ስለ መካድ ነው። ነገር ግን ራሱን እንዲክድ የተጠራ ሰው እናቱን ለአበዳሪ አሳልፎ እንዲሰጥ አልተጠራም።

እንግዲህ እኛም ተቀምጠን እንቁጠር። ለስሌት እንዲመች ምሳሌ እናድርግ፦ አንድ ተማሪ በየዓመቱ 15,000 ብር እየተበደረ 4 ዓመት ቢማር፣ ወለዱን ትተን 60,000 ብር ዕዳ ይዞ ይወጣል። በአንድ አጥቢያ በወር 6,000 ብር ተቀጥሮ ለቤት ኪራይ 2,500፣ ለምግብና ለልብስ 3,000 ቢያወጣ 500 ብር ይቀረዋል። በዚህ ዓይነት ዕዳውን ከፍሎ የሚጨርሰው በ120 ወር፣ ማለትም በ10 ዓመት ነው። ይህም ሳይታመም፣ ሳያገባ፣ እናቱንም ሳይጦር ነው። እኛ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችም በ1996 ዓ.ም. በተጀመረው የወጪ መጋራት ውል ፈርመን እንማራለን። የእኛ ግን ሥራ ስንይዝ ከገቢያችን የሚከፈል ነው፤ የአራጣ ብድር ወለድ ግን ገንዘቡ ከተወሰደበት ቀን ጀምሮ ይቆጠራል።

ጉዳቱ በኪስ ብቻ ቢቀር መልካም ነበር። ጠቢቡ ሰሎሞን ተበዳሪን የአበዳሪ ባሪያ አድርጎ ይገልጸዋል (ምሳ. 22፥7)። ዕዳ ያለበት ሰባኪ በዐውደ ምሕረት ላይ ቆሞ አራጣን ሊገሥጽ ሲነሣ አበዳሪው ከፊቱ ቆሞ ቢያየው ቃሉ በአፉ ውስጥ ይቀራል። ድሀው ለጸሎት ሲጠራው፣ ባለጸጋውም ለተዝካር ሲጠራው ወዴት እንደሚሄድ ዕዳው ይወስንለታል። ስለዚህ የአገልጋይ ዕዳ የምእመናንም ጉዳይ ነው፤ እውነተኛውን ትምህርት የሚያጡት እነርሱ ናቸውና።

ታዲያ ወንድማችን ይቅር እንበለውን? አይደለም። በነቢዩ ኤልሳዕ ዘመን ከነቢያት ደቀ መዛሙርት አንዱ ዕዳ ትቶ ሞተ። እግዚአብሔርን የሚፈራ ሰው ነበር፤ ነገር ግን አበዳሪው ሁለት ልጆቹን ባሪያ አድርጎ ሊወስድ መጣ (2ኛ ነገ. 4፥1-7)። ኤልሳዕ ሚስቱን «ባልሽ አገልጋይ ስለ ነበረ ዕዳው ቀርቷል» አላላትም። በቤቷ ያለውን ጠየቃት፤ ከጥቂት ዘይት በቀር አልነበራትም። ከጎረቤት ሁሉ ባዶ ማድጋ እንድትዋስ አዘዛት። ዘይቱ ማድጋዎቹን ሁሉ ከሞላ በኋላ፣ ሸጣ ዕዳዋን እንድትከፍልና በተረፈው ከልጆቿ ጋር እንድትኖር ነገራት። ልብ እንበል፤ ዘይቱን ያበዛ እግዚአብሔር ነው፣ ማድጋዎቹ ግን የጎረቤት ነበሩ። ዘይቱም የቆመው ማድጋ ሲያልቅ ነው።

አባቶቻችን ይህን ያውቁ ነበር። የቆሎ ተማሪ ደበሎውን ለብሶ፣ አኮፋዳውን አንግቶ፣ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ በየደጁ ሲቆም ቁራሽ የሚሰጠው ገበሬ ነበር። ረኀብና የውሻ ንክሻ ቢደርስበትም ዜማውንና ቅኔውን ተምሮ ሲወጣ የአራጣ ዕዳ አልተሸከመም፤ ማድጋ ያዋሰው አገሩ ነውና። ቤተ ክርስቲያንም በአብዛኛው በመሬቷ ገቢ አገልጋዮቿን ታኖር ነበር። የገጠር መሬት በ1967 ዓ.ም. በአዋጅ የሕዝብ ከሆነ ወዲህ ግን ሸክሙ በምእመናን አስተዋጽኦ ላይ ወድቋል። በ1965 ዓ.ም. በወጣው ቃለ ዓዋዲ የተቋቋመው ሰበካ ጉባኤም ይህን አስተዋጽኦ ይሰበስባል። ቅዱስ ጳውሎስ ወንጌልን የሚሰብክ ከወንጌል ሊኖር እንደሚገባው ጽፏል (1ቆሮ. 9፥14)። እርሱ ራሱ ግን ድንኳን እየሰፋ ያስተምር ነበር (ሐዋ. 18፥3)። ሁለቱም መንገድ የተባረከ ነው፤ በእናት ስም አራጣ መበደር ግን ከሁለቱም አይደለም።

ስለዚህ ለመማር የምናስብ ሁሉ አስቀድመን ክፍያውን፣ የመኖሪያውን ወጪ፣ ከምረቃ በኋላ የሚገኘውንም ደመወዝ ጠይቀን በወረቀት እንጻፍ፤ ለንስሐ አባታችንም እናሳይ። ቢያስፈልግ አንድ ወይም ሁለት ዓመት ሠርቶ አጠራቅሞ መግባት፣ ወይም በማታው ክፍለ ጊዜ መማር ከጥሪ መሸሽ አይደለም። እኛ ደግሞ እልልታችንን በተግባር እናስከትል። የሰንበት ትምህርት ቤታችን 60 አባላት በወር 25 ብር ብናዋጣ 1,500 ብር ይሆናል፤ በዓመት 18,000 ብር ነው። ከላይ በምሳሌያችን ያየነው ተማሪ በዓመት የሚበደረው 15,000 ብር ነበር።

ወንድማችን እስካሁን አልወሰነም፤ እናቱም ገንዘቡን ገና አልተቀበለችም። በሚመጣው እሑድ ይህን ሐሳብ ለጉባኤው አቀርባለሁ። ባዶም ቢሆን ማድጋችንን ይዘን እንምጣ።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።